የአባቴ ሚዛን ቁጥሩን ይልካል፤ ግን ማን ያየዋል?

የበኩር_ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለባቸው። እኛ ሁለቱንም «የልብ ድካም» እያልን ስለምንቀላቅል ላጥራው፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገት የሚጥለው፣ ሃርት አታክ የሚሉት አይደለም። የአባቴ ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሶ ሰውነታቸው ውኃ የሚያጠራቅምበት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። አመጣጡ ሁሌ አንድ ነው። መጀመሪያ እግራቸው ያብጣል። ከዚያ ትራሱ ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል። በመጨረሻ ቁጭ ብለው ያድራሉ። እኔ የምሰማው ቁጭ ብለው ካደሩ በኋላ ነው። የምኖረው ሌላ ከተማ ነው፣ ስደውል መልሳቸው «ደህና ነኝ» ነው።

በዚህኛው ዙር ሲወጡ አንድ ካርቶን ተሰጣቸው። ውስጡ ሚዛን፣ የክንድ ግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክሲጅን መለኪያና ታብሌት አለ። ዕቃዎቹ በብሉቱዝ ለታብሌቱ ይነግራሉ፣ ታብሌቱ በራሱ ሲም ካርድ ለሆስፒታሉ ይልካል። ጠዋት ይመዘናሉ፣ ይለካሉ፣ «ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር?» ዓይነት አምስት ጥያቄ ይመልሳሉ፣ አለቀ። እኔም በስልኬ አያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሐሙስ 78.2 ኪሎ ነበሩ። ዓርብ 78.9። ቅዳሜ 79.6። ዛሬ 80.4። ቁጥሩ ስልኬ ላይ ቢጫ ሆነ፣ ዛሬ ቀይ ሆነ። ይደውላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም የለም። ራሴ ስደውል «የሥራ ሰዓት አይደለም» የሚል የተቀዳ ድምፅ። አባቴ ደግሞ ምን አሉ መሰላችሁ? «ሆስፒታሉ እያየኝ አይደል እንዴ፣ ቢያሰጋ ይደውሉ ነበር» ብለው ተኙ።

ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ እግራቸውን ያዩ ነበር። ይኼ ነገር ይጠቅማል ወይስ እኛን ማዘናጊያ ነው?

ነርሷ_ከወዲያ_ጫፍ (እሑድ፣ ማታ 2፡58)

ወንድሜ፣ ክርክሩ ይቆይና አሁኑኑ ደውልላቸው። «ደህና ነዎት?» አትበል፣ መልሱን ታውቀዋለህ። እንዲህ በል፦ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ከትናንት ወዲያ በስንት ትራስ ተኙ፣ ዛሬስ? ደረትዎን ይጨንቅዎታል? ካልሲዎን ሲያወልቁ መስመሩ እግርዎ ላይ ይቀራል?

ቁጭ ብለው እያለ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይ ከንፈራቸው ከጠቆረ ታብሌቱን እርሳውና ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አሁኑኑ። እንዲህ ካልሆነ ደግሞ ነገ በጠዋት እነሱ እስኪደውሉ አትጠብቅ፣ አንተ ቅደማቸው። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር የሚደወልበት ነገር ነው። ሐኪማቸው አስቀድሞ ጽፎ ካልሰጣቸው በቀር የሽንት መድኃኒቱን በራሳችሁ አትጨምሩ።

የበኩር_ልጅ (እሑድ፣ ማታ 3፡25)

ደወልኩ። ቀሰቀስኳቸው፣ ተቆጡ። ትራሱ እንደ ወትሮው ሁለት ነው፣ ጋደም ሲሉ አይጨንቃቸውም። እህቴ ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቷ ስትጫነው ግን ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ዛሬ አብራቸው ታድራለች። ነገ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ።

ደረቴ_ውስጥ_ባትሪ (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10)

ልጄ፣ አባትህን ይማርልህ። እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ ደረቴ ውስጥ አይሲዲ አለ። ልብ ድንገት ሥርዓቱን ሲስት በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ ነው። አልጋዬ አጠገብ ትንሽ ራዲዮ የሚያህል ሳጥን አለች። ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ከደረቴ ጋር ታወራለች። ባትሪው ስንት ቀረው፣ ሽቦው ደህና ነው ወይ፣ ልቤ ቀኑን ምን ሲሠራ ዋለ። ተቀብላ ትልካለች። እኔ ምንም አልጫንም።

እኔም እንደ አባትህ «እያዩኝ ነው» ብዬ ነበር። ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው የገባኝ። ማንም ሌት ተቀን አይቶኝ አያውቅም። ሳጥኗ በቀን አንድ ጊዜ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ደብዳቤውን የሚከፍት ሰው ደግሞ ጠዋት ቢሮ ይገባል። በቃ።

አንድ ጊዜ የልጅ ልጄ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሶኬቱን ነቀለችው። ሳጥኗ ጠፍታ ሰነበተች፣ አላስተዋልኩም። በዘጠነኛው ቀን ከክሊኒኩ ተደወለ። «አባባ፣ ከቤት ወጥተዋል እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ። የለም፣ አልጋዬ ላይ ነኝ አልኳት። ያን ዘጠኝ ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ትንሽም ያስፈራኛል።

ስለ መመታቱም ልንገራችሁ፣ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ መታኝ። በቅሎ ደረት ላይ ብትረግጥ እንዲህ ነው። የነገሩኝ ይኼ ነው፦ አንዴ መትቶህ ደህና ከሆንክ ክሊኒኩን ደውል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከመታህ ወይ ከመታህ በኋላ ጤና ካልተሰማህ ወደ ድንገተኛ። ሳጥኗ ትናገርልኛለች ብለህ አትቀመጥ።

ካላየሁ_አላምንም (ሰኞ፣ ጠዋት 4፡30)

ሁላችሁም በዙሪያው ትዞራላችሁ፣ እኔ ፊት ለፊት ልናገር። ነገሩ አይሠራም። እኔ እያልኩ አይደለም፣ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ 1,653 የልብ ድካም ሕመምተኞች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየቀኑ ስልክ ደውለው ክብደታቸውንና ስሜታቸውን ለማሽን ይነግራሉ። ከ6 ወር በኋላ በሞትም ሆነ ተመልሶ በመተኛት ልዩነት የለም። በ2016 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1,437 ሰው ላይ ተሞከረ። ሚዛን አለ፣ ግፊት መለኪያ አለ፣ በስልክ የሚመክር ነርስ አለ። በ6 ወር ውስጥ ተመልሶ በመተኛት ያው፣ ልዩነት የለም። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ብልጭልጭ ዕቃ።

ሐኪም_በትርፍ_ሰዓት (ሰኞ፣ ቀን 7፡15)

ካላየሁ አላምንም፣ የጠቀስካቸው ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ከነዝርዝራቸው እንያቸው።

በ2010ሩ ጥናት ስልኩ ከተሰጣቸው ሰዎች 14 በመቶው አንድም ቀን አልደወሉም። በመጨረሻው ሳምንት በሳምንት ቢያንስ ሦስቴ የሚደውሉት ከግማሽ ትንሽ በለጡ። ያልዋጡት ኪኒን አልሠራም ማለት ይከብዳል። በሌላ በኩል ሕመምተኛው የማይጠቀምበት መሣሪያ መጥፎ መሣሪያ ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ነጥብ ይሰጥሃል።

አሁን ሌላውን ጨምርበት። በ2018 የታተመ የጀርመን ጥናት አለ፣ ቲም ኤችኤፍ 2 ይባላል። ከ1,500 በላይ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለልብ ድካም የተኙ። ለግማሾቹ ሚዛን፣ ግፊት መለኪያ፣ የኦክሲጅን መለኪያ፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ኢሲጂና ታብሌት ተሰጣቸው። ከበኩር ልጅ አባት ካርቶን ጋር ሲታይ የተለየው ኢሲጂው ብቻ ነው። ውጤቱስ? በዓመት ውስጥ ባልታሰበ የልብና የደም ሥር ሕመም መተኛትና በሞት ምክንያት የሚጠፋው ጊዜ በአማካይ 24.2 ቀን የነበረው ወደ 17.8 ወረደ። ሞትም ቀነሰ፤ 100 ሰው አንድ ዓመት ቢከታተሉ 11 ገደማ ይሞት የነበረው ወደ 8 ገደማ።

ዕቃው ከካሊፎርኒያው ብዙም አይለይም። የሚለየው ጫፉ ላይ ያለው ነገር ነው። በርሊን ውስጥ ቀንም ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሑድም ሐኪምና ነርስ የተቀመጡበት ማዕከል ነበር። ቁጥሩን አይተው «ሐኪምዎን ያማክሩ» ብለው አይዘጉም፤ መድኃኒት ይቀይራሉ፣ ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ይነጋገራሉ፣ አስፈላጊ ከሆነ ያስተኛሉ። እዚህ የተጻፈው የእሑድ ማታ ታሪክ እዚያ ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ያልቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የአባታችን (ደረቴ ውስጥ ባትሪ) ዓይነትም የራሱ ጥናት አለው። ኢን ታይም ይባላል፣ 2014። 664 ሰዎች ናቸው፣ እንደ እሳቸው አይሲዲ ወይም ከነአይሲዲው የልብን ምት የሚያስተባብር መሣሪያ የተተከለላቸው። በየቀኑ ከሚላክላቸው ወገን በአንድ ዓመት 10 ሰው ሞተ፣ ከሌላው ወገን 27። እሳቸው ጋ አንድ ጥቅም አለ፤ ሕመምተኛው ምንም ማስታወስ የለበትም። ሶኬት የሚነቅል የልጅ ልጅ እስከሌለ ድረስ።

ነገሩን «አዲስ ብልጭልጭ» ማለት ግን ትንሽ ይከብዳል። ኢሲጂን የፈጠረው ዊለም አይንትሆቨን በ1905 ላይደን ከተማ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን የልብ ምት በስልክ ሽቦ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ቤተ ሙከራው ይቀበል ነበር። መሣሪያው ከባድ ስለነበር ወደ ሆስፒታል መውሰድ አልተቻለም፣ ስለዚህ የልብ ምቱን ወደ መሣሪያው አመጣው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኖርማን ሆልተር ሰው ጀርባ ላይ የሚታዘል 38 ኪሎ የሚመዝን የልብ መቅጃ ሠራ። ዛሬ «ሆልተር ታሰረልኝ» ስንል የእሱን ስም ነው የምንጠራው።

ካላየሁ_አላምንም (ሰኞ፣ ቀን 7፡40)

ዶክተር፣ 38 ኪሎ ታዝሎ ልቡ እንዴት እንደሆነ ይለካል? ለዚያ መሣሪያ አያስፈልግም፣ መልሱን እኔ እነግረው ነበር።

የጀርመኑን አላውቀውም ነበር፣ አነበዋለሁ። ግን እኮ እርስዎም ያሉት የኔን ነው። ሠርቷል የተባለው ሚዛኑ አይደለም፣ 24 ሰዓት ቁጭ ያለው ሐኪም ነው።

ሐኪም_በትርፍ_ሰዓት (ሰኞ፣ ቀን 8፡02)

ሚዛኑ ባይኖር ሐኪሙ ምን ያያል?

ነርሷ_ከወዲያ_ጫፍ (ሰኞ፣ ማታ 1፡20)

ፈረቃዬ አለቀ፣ አሁን በሰፊው ልጻፍ። ሥራዬ ይኼው ነው። ቁጥሩ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

ስክሪኔ ላይ ዛሬ 140 ሰው ነበረ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው የሁለት ቀን ቀይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ከቀዩ ብዙው ውሸት ነው። አንድ ሰውዬ በአንድ ሌሊት 57 ኪሎ ቀነሱ። ደነገጥኩ። ስደውል የልጅ ልጃቸው ሚዛኑ ላይ ሲጫወት ነበር፤ 24.3 ኪሎ የመዘነው እሱ ነው። ሌላዋ እናት ግፊታቸው በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ 170 ነበር። ለካስ ደረጃ ወጥተው ቁጭ ሳይሉ ነው የሚለኩት፣ ያውም እያወሩ። አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ቁመት አሳርፈው፣ ዝም ብለው ይለኩ አልናቸው። ወደ 138 ወረደ። መድኃኒት ጨምረንላቸው ቢሆን ኖሮ ያዞራቸውና ይወድቁ ነበር።

ስለዚህ ቀይ ሁሉ እሳት አይደለም። አረንጓዴም ሁሉ ሰላም አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ባዶው ነው። ለሦስት ቀን ምንም ያልላከ ሰው። አንዳንዱ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ነው። አንዳንዱ ባትሪ አልቆበት ነው። አንዳንዱ ግን በጣም ስለደከመው ከአልጋው ወርዶ ሚዛን ላይ መውጣት አቅቶት ነው። እሱን ፕሮግራሙ ቀይ አያደርገውም፣ ግራጫ ነው የሚያደርገው። እኔ ጠዋት መጀመሪያ የምከፍተው ግራጫዎቹን ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ አንዴ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ለምን ክብደት? ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ስብ በሦስት ቀን 2 ኪሎ አይጨምርም፣ ውኃ ግን ይጨምራል። ልብ ሲደክም ኩላሊት ደም ያነሰ ይመስለውና ጨውና ውኃ ይይዛል። እብጠቱ በዓይን ሳይታይ በፊት ሚዛኑ ሊያሳይ ይችላል። ግን በትክክል ከተመዘኑ ነው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ያው ዓይነት ስስ ልብስ ለብሰው፣ ደረቅ ወለል ላይ። ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን ይዋሻል።

አንተ የበኩር ልጅ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ እነዚህን ጠይቃቸው፦ ማን ነው የሚያየው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ቀይ ከሆነ በስንት ሰዓት ውስጥ ይደወላል? ለማን? ሳይልኩ ቢቀሩስ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ይቀየማሉ ብለህ አታስብ፣ እኛም መጠየቁን እንወደዋለን።

ሰዓት_አድራጊዋ (ሰኞ፣ ማታ 2፡05)

እኔ ሕመምተኛ አይደለሁም። ወይም አልነበርኩም። ስማርት ሰዓት ገዛሁ፣ «ምትዎ ያልተስተካከለ ይመስላል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ሰዓቱ ሆነ። በቀን 40 ጊዜ ኢሲጂ እወስድ ነበር። ስብሰባ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሽንት ቤት። ሐኪሙ ደረቴ ላይ የሚለጠፍ መቅጃ አሰረልኝ፣ 14 ቀን ቆየ። ምንም የለም። ስጨነቅ የሚጨምሩ ትርፍ ምቶች ናቸው አለኝ። የምጨነቀው ደግሞ ሰዓቱን ስለማይ ነው። ይግባችሁ።

ዶክተር፣ እነዚህ ሰዓቶች ምን ያህል ይታመናሉ?

ሐኪም_በትርፍ_ሰዓት (ሰኞ፣ ማታ 2፡50)

እህቴ፣ ያንቺ ታሪክ ክሊኒክ ውስጥ በየሳምንቱ ይገባል። በ2019 የታተመ በአፕል ሰዓት የተሠራ ትልቅ ጥናት ነበር፣ 419,297 ሰው። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ሰዓቱ ዝም ብሎ የሚጮህ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው መቅጃ ከተለጠፈላቸውና ከመለሱት መካከል አትሪያል ፊብሪሌሽን የተገኘባቸው 34 በመቶ ነበሩ። ይህ ምት ይመጣል ይሄዳል፣ መቅጃው የተለጠፈው ከቀናት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የቀሩት ሁሉ በሐሰት ተጠሩ ማለት አይደለም። አትሪያል ፊብሪሌሽን የላይኛው የልብ ክፍል እንደ ቅጠል የሚንቀጠቀጥበት፣ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ የሚያደርግ ምት ነው። 70 ዓመት ለሆነው፣ ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ማስጠንቀቂያው ትልቅ ዋጋ አለው። ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው።

ሌላው፣ ይኼን ለሁላችሁም ነው፦ ሰዓት ሃርት አታክ አያውቅም። ኢሲጂው ልብን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው፣ ሆስፒታል ውስጥ ያለው በ12። ደረቱን እያመመው ሰዓቱ «የተለመደ ምት» ስላለው ተኝቶ የቆየ ሰው አይቻለሁ።

ጥቁሯ_ጣት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00)

ስለ ኦክሲጅን መለኪያው ማንም አላነሳም። መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚገምተው፣ ቆዳ ሲጠቁር ግምቱ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። በ2020 አሜሪካ የወጣ ጥናት ላይ መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያለ በደም ምርመራ ኦክሲጅኑ ከ88 በታች የሆነው ከነጮቹ ንባብ 3.6 በመቶው ላይ ነበር፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶው ላይ። እኛ ደግሞ ቆዳችን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣትም ያሳስተዋል። እኔ ለእናቴ የማየው አንዱን ቁጥር አይደለም፣ ሁልጊዜ 97 የነበረው 93 ሲሆን ነው የምደውለው።

ነርሷ_ከወዲያ_ጫፍ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡12)

ትክክል ብለሻል። አንድ ልጨምር፦ አትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው ምቱ ስለሚለያይ የክንድ ግፊት መለኪያውም ይዘበራረቃል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ኮድ_ጻፊው (ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30)

ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። እንዲህ ዓይነት ሲስተም ላይ ሠርቻለሁ። ሰው የሚፈራው ጠላፊ ፔስሜከሩን፣ ደረት ውስጥ ተተክሎ የልብን ምት የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ እንዳይነካበት ነው። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ በ2007 ደረታቸው ውስጥ ያለው የልብ መሣሪያ ሲቀየር ገመድ አልባው ግንኙነት እንዲዘጋ አስደርገዋል፣ በ2013 ራሳቸው ተናግረዋል። በ2017 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ወደ 465,000 ፔስሜከሮች የደኅንነት ቀዳዳ ስለተገኘባቸው ሶፍትዌራቸው እንዲታደስ ተወስኗል። ቀዶ ጥገና አላስፈለገም፣ ክሊኒክ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር።

በተግባር ግን እኔ ያየሁት ጠላፊ አይደለም። ያየሁት ሲም ካርዱ ኔትወርክ የማያገኝበት መኝታ ቤት ነው። ታብሌቱ ሌሊት ራሱን አድሶ ብሉቱዙን የረሳበት ጠዋት ነው። «ተልኳል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ሕመምተኛው አይቶ፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ያልደረሰበት ነው። ያንን ምልክት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «ተልኳል» ማለቱ ከታብሌቱ ወጥቷል ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ተልኳል ይላል እኮ» እያሉ ሲከራከሩ ቅጂውን አሰሙኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ቀየርነው። አሁን «ሆስፒታሉ ደርሷል» የሚለው ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ ብቻ ነው፣ ሰው ካየው ደግሞ «ነርስ አይታዋለች» ይላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስድስት ወር አከራክሮናል።

ደረቴ_ውስጥ_ባትሪ (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00)

ልጄ፣ ሦስተኛውን ቃል እኔም ሳጥኔ ላይ እፈልገዋለሁ።

ካላየሁ_አላምንም (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45)

የጀርመኑን አነበብኩ። እሺ። ግን ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸውን ከጥናቱ አስወጥተዋል፣ ታብሌት ለመንካት ፈቃደኛ የሆነም ሰው ነው የገባው። የእኔ አክስት እዚያ ውስጥ አትገባም። በቀን አንድ ጊዜ ጎረቤት ብቅ ብላ እግሯን ብታይላት ይሻላታል።

ሐኪም_በትርፍ_ሰዓት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ለአክስትህ ያልከው ልክ ሊሆን ይችላል። ምንም የማይነኩበትም መንገድ አለ፤ በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ ደም ወደ ሳንባ በሚወስደው ደም ሥር ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚገባ ግፊት ጠቋሚ። ባትሪ የለውም። ሰውየው ልዩ ትራስ ላይ ሲጋደም ትራሱ ያነበዋል። ግፊቱ ክብደት ከመጨመሩ ከቀናት፣ አንዳንዴ ከሳምንታት በፊት ይጨምራል። በ550 ሰው ላይ ሲሞከር ለልብ ድካም መተኛት በ6 ወር 28 በመቶ ቀንሷል። ግን ውድ ነው፣ ለሁሉም አይሆንም፣ እዚያም ላይ ቁጥሩን አይቶ መድኃኒት የሚቀይር ሰው ከሌለ ትራስ ነው።

የበኩር_ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

እግዜር ይስጣችሁ። ሁሉንም አነበብኩ፣ ለእህቴም ላክሁላት። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰኞ 2 ሰዓት ከአምስት ላይ ደወልኩ። የሆስፒታሉ ነርስ ቁጥሩን ከፍታ አየች፣ «ምን ለብሰው ተመዘኑ?» አለች። እህቴ ስትጠይቃቸው እሑድ ብርድ ስለነበር ካፖርታቸውን ደርበው ነው የወጡት። ካፖርቱን ለብቻው መዘነችው። 1 ኪሎ ከ100 ግራም። «ይኸው፣ ደህና ነኝ አላልኳችሁም?» አሉ። ልንስቅ ስንል ነርሷ «የቀረውስ?» አለች። ካፖርቱ የእሑድን እንጂ የዓርብንና የቅዳሜን አይመልስም።

ከዚያ «አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?» አለች። የለም አሉ። «ያለ ሐኪም ትእዛዝስ? ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለጉልበት?» ዝም አሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ረቡዕ ለት ዲክሎፌናክ ጀምረዋል፣ በቀን ሁለቴ። «እሱ መድኃኒት ነው እንዴ? ማስታገሻ አይደል?» እንዲህ ዓይነቱ ማስታገሻ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ የሽንት መድኃኒቱንም ያዳክመዋል አለችን። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ታብሌቱ ይኼን ጠይቋቸው አያውቅም። አምስት ጥያቄ አለው፣ ስድስተኛው አልነበረም።

ሐኪሙ ማስታገሻውን አስቁሞ የሽንት መድኃኒቱን ለሦስት ቀን ጨመረ። ዓርብ ኩላሊትና ፖታሲየም ለማየት ደም ይሰጣሉ። ዛሬ ጠዋት ያለ ካፖርት 78.5።

ነርሷ ከወዲያ ጫፍ፣ ጥያቄዎችሽንም ጠየቅሁ። የሚታየው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ማንም የለም። ቀይ ከሆነ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይደወላል። ሦስት ቀን ካልተላከ ለቤተሰብ ይደወላል፣ ቁጥሬን አስመዘገብኩ። ይኼ የተጻፈው የት ነበር? ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ገጽ 14 ላይ።

አባቴ የካርቶኑን ክዳን ቀደው በትልቁ ጻፉበት፦ «ቅዳሜና እሑድ የሚያየኝ የለም። እግር ይታይ።» ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

ደረቴ_ውስጥ_ባትሪ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡52)

እሰይ። ጉልበታቸውስ ታዲያ?

የበኩር_ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡00)

ያማቸዋል። ኪኒኑን ትተው በቱቦ የሚታሸት ቅባት ጀምረዋል፣ ጎረቤት ነው የሰጣቸው።

ነርሷ_ከወዲያ_ጫፍ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡03)

ቱቦው ላይ የተጻፈውን ስም አንብብልኝ።

የበኩር_ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡04)

እየደወልኩላቸው ነው።